ለአንድ ሴሚስተር ባህር ዳር ለምትመጡ

ከውጭ የምትመጡ ልጆች፣ ከሁሉም በፊት ሰዓቱን ልመዱ። "ክላስ 2 ሰዓት ነው" ከተባላችሁ ጠዋት ነው፣ ስልካችሁ 8:00 ሲል ማለት ነው። እኔ ከምሳ በኋላ መስሎኝ ተዝናንቼ ብሄድ ክፍሉ ባዶ፣ አንዲት እናት ብቻ እየጠረጉ "ውይ ልጄ፣ ጠዋት እኮ ነበር" አሉኝ 😂

ሲም ለማውጣት ፓስፖርት ያዙ። ባጃጅ ስትይዙ "ዩኒቨርሲቲ" ብቻ አትበሉ፣ ፔዳ ወይ ፖሊ ብላችሁ ለዩ፣ ግቢዎቹ የተለያየ ቦታ ናቸው፣ ሂሳቡንም ሳትገቡ ጠይቁ።

ጣና ውስጥ እንዳትዋኙ፣ ቢልሃርዚያ የሚባል ከውሃ የሚይዝ በሽታ አለ፣ ውሃው ምንም ቢያምር። ይልቅ ዳሩ ላይ ቁጭ ብላችሁ የተጠበሰ አሳ እዘዙ፣ በእጅ ነው የሚበላው፣ እሾሁን ግን ቀስ እያላችሁ። ታንኳ ሲያልፍ እያያችሁ ቡና ብትጨምሩበትማ በቃ።