እርጥብ ድንጋይ አይታመንም

ከጣና ዳር ጠጠር ለቅሞ ቤቱ የወሰደ ሰው ይህን ያውቃል። ውሃ ውስጥ ሲያብረቀርቅ የነበረው ድንጋይ ጠረጴዛ ላይ ሲደርቅ አመድ ይመስላል። ለቆረጣና ለማለስለስ ድንጋይ የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ውሃ ሻካራውን ገጽ ስለሚሸፍነው ቀለሙ ለጊዜው ይደምቃል። ድንጋዩ የማለስለሻውን ሥራ ይችል እንደሆነ ግን አይነግርዎትም። እሱን የሚነግርዎት ጥንካሬው ነው።

ሁለተኛው ስህተት ነጩን ሁሉ ኳርትዝ፣ ማለትም ለማለስለስ የሚሆን ጠንካራ ማዕድን፣ ነው ማለት ነው። የባሕር ዳር አካባቢ በአብዛኛው ጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም ባዛልት ነው። የጢስ ዓባይ ውሃም የሚወረወረው ከእሱ ላይ ነው። ላቫው ሲቀዘቅዝ ጋዝ የተወውን ቀዳዳ በኋላ ነጭ ማዕድን ሊሞላው ይችላል። ያ ነጭ ኳርትዝ ከሆነ ጥንካሬው ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የማዕድን ጥንካሬ መለኪያ፣ በሞህስ፣ 7 ነው፣ ካልሳይት ከሆነ ግን 3 ብቻ። በቢላ ጫፍ ጫን አድርገው ይጫሩት። ዱቄት ካወጣ ለስላሳ ነው። ዱቄቱ ላይ ሎሚ ጠብ ያድርጉበት። አረፋ ከደፈቀ ካልሳይት ነው።

ታዲያ ጭረቱን ሲያዩ አይቸኩሉ። እኔ አንድ ጥሩ ድንጋይ የጣልኩት በዚህ ነው። ላዩ ላይ ግራጫ መስመር ሳይ ተጫረ ብዬ ደመደምኩ። ለካ የተፋቀው የቢላው ብረት ነው! ጥፍሬን ባሳልፍበት ኖሮ ጎድጎድ ያለ ነገር እንደሌለው ይገባኝ ነበር።

ከወሎ የሚመጣው የወገል ጤና ኦፓል፣ ሲያዘነብሉት ቀለሙ የሚለዋወጥ የከበረ ድንጋይ፣ ደግሞ ነገሩን ይገለብጠዋል። ውሃ ይጠጣል። ሲነከር የቀለም ጨዋታው ደብዝዞ እንደ መስታወት ሊጠራ ይችላል። ብዙ ሰው በዚህ ደንግጦ «ተበላሸብኝ» ይላል። ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይድረቅ፣ ቀለሙ ይመለሳል። ለማፋጠን ብለው እሳት አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ ካስቀመጡት ግን ሊሰነጠቅ ይችላል። ዘይትም አይቀቡት፣ ይመጠውና ቀለሙን ይለውጠዋል።

ስንጥቅ ሳያዩ መቁረጥም ድካም ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ባትሪ ከጀርባው ያብሩበት። ብርሃኑ የሚቋረጥበት መስመር ካለ እዚያ ጋ ሊከፈል ይችላል። በመዶሻ መሞከር ይቅር፣ ደህናውንም ያቆስለዋል።

አደራ የምለው የመጨረሻው ስለ አቧራው ነው። ኳርትዝን በደረቁ አይቁረጡ፣ አይፍጩ። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ምላጩ ላይ ውሃ ሳይቋረጥ ይፍሰስ፣ የብናኝ መከላከያ ማስክም ያድርጉ። ልጆች ካሉ ከአጠገብዎ ይራቁ።