ሃሎ ሲባል የማይመልስ የቢሮ ስልክ፦ ችግርና መፍትሄ

«ኔትወርኩ ነው መሰለኝ።» ሐዋሳ ውስጥ የቢሮው የኢንተርኔት ስልክ ያስቸገረው ሰው ሲደውልልኝ መጀመሪያ የሚለው ይህንን ነው። አንዳንዴ እውነቱን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱን የማገኘው እዚያው ቢሮ ውስጥ ነው። ስለዚህ ማንንም ከመውቀሳችሁ በፊት ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው በውስጥ መስመር ደውሉ። ጥርት ብሎ ከተሰማ ኬብሉና ኬብሎቹን የሚያገናኘው ስዊች ደህና ናቸው፤ ወደ ራውተሩ እለፉ። እሱም ከተቆራረጠ ጣጣው የራሳችሁ ነው።

እኔን ይሰሙኛል፣ እኔ ግን አልሰማቸውም

ይሄ ዋናው ራስ ምታት ነው። ስልኩን የሚያስጠራው መልእክትና ድምፁ በአንድ መንገድ አይሄዱም። ጥሪው አብዛኛውን ጊዜ በፖርት (ቁጥር በተሰጠው የኔትወርክ በር) 5060 ያልፋል። ድምፁ በሌሎች ፖርቶች ነው፤ አስተሪስክ በሚባለው የፒቢኤክስ (የቢሮ ስልክ ማዞሪያ) ሶፍትዌር ላይ የተለመደው ከ10000 እስከ 20000 ያለው ነው። ችግሩ ስልካችሁ 192.168.1.20 የመሰለ የውስጥ አድራሻውን ለወዲያኛው ወገን ሲልክ ይጀምራል። ይህ አድራሻ ከራውተሩ ውጭ ትርጉም የለውም። ለአዲስ አበባ ሰው «ከሱቁ ጀርባ፣ ሰማያዊው በር» ብሎ ቤት እንደ መጠቆም ነው። ድምፁ ይላካል፣ ግን አይደርስም።

መጀመሪያ ራውተሩ ላይ «ኤስአይፒ ኤኤልጂ» (SIP ALG) የሚለውን፣ በጥሪው መልእክት ውስጥ ያለውን አድራሻ የሚቀይረውን፣ አጥፉ። ሊረዳ ተብሎ የተሠራ ነው፤ በእኔ ልምድ ግን ከሚያቃናው የሚያጣምመው ይበዛል። ቀጥሎ ፒቢኤክሱ ላይ የውጭ አድራሻችሁን በትክክል ሙሉ፣ የድምፅ ፖርቶቹንም ወደ እሱ አስተላልፉ። 5060ን ግን ለዓለም ሁሉ ክፍት አታድርጉት፤ የስልክ አገልግሎቱን ለሚሰጣችሁ ድርጅት አድራሻ ብቻ ፍቀዱ። አለበለዚያ ሌሊት ፓስወርድ ሲሞክር ያደረ ሌባ በእናንተ ሂሳብ ውጭ አገር ይደውላል።

ጥሪው ተነስቶ በ32 ሴኮንድ ገደማ የሚቋረጥ ከሆነም ዘመዱ ነው። «ተነስቷል» ለሚለው መልእክት ማረጋገጫው ስላልደረሰው ሲስተሙ ጠብቆ ጠብቆ ይዘጋዋል። በሞባይል ሰዓት ያዙለት። በየጊዜው እኩል ሴኮንድ ላይ ከተቆረጠ መፍትሄው ከላይ ያለው ነው።

ድምፁ ይቆራረጣል፣ እንደ ሮቦት ይሆናል

አንድ ጥሪ በጂ.711 ኮዴክ (ድምፅን ወደ ዳታ የሚቀይር ዘዴ) ሲሄድ በእያንዳንዱ አቅጣጫ በሴኮንድ 87 ኪሎቢት ገደማ ነው የሚወስደው። አሥር ሰው አብሮ ቢያወራ 1 ሜጋ አይሞላም። ስለዚህ «ኢንተርኔቱ ቀጠነ» ከማለታችሁ በፊት መስመሩን የሞላውን ፈልጉ።

አንድ ሆቴል ስልኩ የሚንተባተበው ቅዳሜ ብቻ ነበር። ሁለት ሳምንት ኬብል ስቀይር ከረምኩ። በሦስተኛው ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። አዳራሹ ውስጥ ሠርግ አለ፤ ሙሽሮቹ ሲገቡ እንግዳው ሁሉ ቪዲዮውን በሆቴሉ ዋይፋይ ይጭናል። የሪሴፕሽኑ ስልክም በዚያው መስመር ነው። የእንግዳውን ዋይፋይ ለየሁት፣ አፕሎዱን ገደብኩት፣ ራውተሩ ላይ ለድምፅ ቅድሚያ ሰጠሁ። በቃ፣ ያኔውኑ ተስተካከለ። የጠረጴዛ ስልክ በዋይፋይ ካላችሁ ደግሞ ኬብል ሳቡለት።

የራሴ ድምፅ ይመለስብኛል

ብዙውን ጊዜ የሚያስተጋባው የወዲያኛው ሰው ስልክ ነው። ላውድስፒከሩን ያጥፋ ወይም ድምፁን ይቀንስ።

መብራት ሲሄድ ስልኩም ይሞታል

ፒቢኤክሱን ብቻ ዩፒኤስ ላይ መሰካት አይበቃም። ራውተሩም፣ ለስልኮቹ ኃይል የሚሰጠው ስዊችም አብረው ይሰኩ።

ከሰዓት የሚደውል ሁሉ «ዝግ ነን» ይባላል

ይሄኛውን በመጽሐፍ አታገኙትም። አንድ ቢሮ ጠዋት ሰላም ነው፤ ከ5:30 በኋላ ግን ስልኩ ሳይጠራ የመዝጊያ መልእክት ይመጣል። መስመሩ ተፈተሸ፣ ራውተሩ ተቀየረ። ፒቢኤክሱን ስከፍተው የሥራ ሰዓት በሚለው ቦታ 2:30 እስከ 11:30 ተጽፏል። ለእኛ ልክ ነው። ለማሽኑ ግን ከሌሊቱ 8:30 እስከ ረፋዱ 5:30 ነው! 8:30 እስከ 17:30 ብዬ አስገባሁት፣ የሰዓት ቀጠናውም +3 መሆኑን አየሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ጸሐፊዋ እስካሁን ከሰዓት ስልክ የማይመጣው ሥራ ቀዝቅዞ መስሏት ነበር።