ቴሌቪዥን በቀን ስንት ሰዓት ሲታይ ነው በዛ የሚባለው? እቤታችሁ እንዴት እንደምትለኩት

ጅማ ዝናቡ ይረዝማል። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲገቡ ዝናቡ ይጀምርና ደጅ መጫወት አይቻልም፣ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል። እኛ ቤት ከዚያ በኋላ የሚዘጋው የመጨረሻው ሰው ሊተኛ ሲል ነበር። ባለቤቴን "ብዙ እናያለን እንዴ?" ብዬ ስጠይቃት "ኧረ በቀን ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው" አለችኝ። እኔም እንደዛው መስሎኝ ነበር። ስንለካው አምስት ሰዓት አለፈ። ስለዚህ በግምት አትሂዱ።

መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት መዝግቡ። ወረቀትና እስክሪብቶ ቡፌው ላይ አስቀምጡ። ሲከፈት ሰዓቱን፣ ሲዘጋ ሰዓቱን፣ ማን ያይ እንደነበር ጻፉ። በዚህ ሳምንት ምንም አትቀንሱ፣ እንደወትሯችሁ እዩ። ማንም ሳያየው ዝም ብሎ የሚጮኸውንም ጻፉት። ቅዳሜና እሁድን እንዳትዘሉ፣ ኳስ ያለበት ቀን ሌላ ነው።

ቀጥሎ ቁጥሩን ከዕድሜ ጋር አስተያዩት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ 2 ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን ባይታይ ይመክራል። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው ከ1 ሰዓት አይብለጥ፣ ባነሰ ቁጥር ደግሞ ይሻላል ይላል። ለአዋቂ ግን ይሄን ያህል ሰዓት ብሎ አልወሰነም፤ መቀመጥ ቀንሱ፣ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ተንቀሳቀሱ ነው የሚለው። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት ወጥቶ ነበር። በቀን አንድ ሰዓት ገደማ ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መዋል የሚያመጣውን ጉዳት ማካካስ ይችላል፤ ቴሌቪዥን ፊት በቀን 5 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚቀመጥ ሰው ግን ይሄ እንቅስቃሴ ጉዳቱን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። በኔ እምነት አዋቂ ሰው ከሁለት ሰዓት ካለፈ ቆም ብሎ ማሰብ አለበት።

ግን ከቁጥሩ ይልቅ ቴሌቪዥኑ ምን እየወሰደባችሁ እንደሆነ ተመልከቱ። እንቅልፍ ነው? ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት፣ አዋቂ ቢያንስ 7። የቤት ሥራ ነው? ጨዋታ ነው? እኛ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ እሁድ እናቴ አቦሉን ቀድታ ስለ ጎረቤታችን ልጅ ሠርግ ማውራት ጀመረች። ሁላችንም ዓይናችን ተከታታይ ድራማው ላይ ነው፣ ስኒ የምንቀበለው እንኳ ሳናያት ነበር። ቶናውን ቀድታ ዝም አለች። በረካ አልፈላም፤ ጀበናውን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። ቡና አገር ተቀምጠን ቡናውን እንዲህ ማድረጋችን እስካሁን ይቆጨኛል።

መብራት የጠፋ ማታም ጥሩ መለኪያ ነው። ልጆች ግማሽ ሰዓት ካኮረፉ በኋላ ጨዋታ ከጀመሩ ደህና ናችሁ። ማታውን ሙሉ "መጣ? መጣ?" ብቻ ከሆነ ግን በዝቷል።

አሁን ቀንሱ። ጭራሽ አይከፈትም ማለት አያዋጣም፣ ሰዓት መምረጥ ነው የሚሻለው። እኛ ከአቦል እስከ በረካ ቴሌቪዥን የለም ብለናል። ምግብ ላይም የለም። ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት ይዘጋል፣ መኝታ ቤት አይገባም። ከመክፈታችሁ በፊት ምን እንደምታዩ ወስኑ፣ ያ ሲያልቅ የሚቀጥለው ሳይጀምር ዝጉት፤ ከጀመረ መነሳት ይከብዳል። ሪሞቱን ልጅ የማይደርስበት ቦታ አድርጉት።

ቴሌቪዥኑ የተዘጋበትን ሰዓት ደግሞ ባዶ አትተዉት። ለዝናብ ቀን ገበጣ ወይም ዳማ ግዙ። ሲያባራ በጅሬን ዳገት ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ውጡ፣ ሳንባም እግርም ይሠራል። ብቻውን የሚውል ሽማግሌ ወይም የታመመ ሰው ካለ ግን ቴሌቪዥኑን አትቀሙት፣ ለሱ ጓደኛው ነው። ይልቅ ሄዳችሁ አብራችሁት ተቀመጡ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና መዝግቡ። የኛ ልጆች ሁለት ቀን አኩርፈው ነበር። አሁን ወረቀቱ ላይ ያለው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፣ ኳስ ያለበት ቀን ሦስት ተኩል ይደርሳል፣ እሱን ገና እየሠራንበት ነው።