የድሮ የሥነ ፈለክ መጻሕፍት ስናነብ የምንሠራቸው ስህተቶች

ከ1500ዎቹ እስከ 1700ዎቹ (ዓ.ም. ካልተባለ ዓመቱ በፈረንጆች ነው) አውሮፓ ውስጥ ለተራ አንባቢ የተጻፉ የሰማይና የመዝናኛ ሳይንስ መጻሕፍት ዛሬ በብዛት በነፃ ይገኛሉ። ፒዲኤፉን አውርዶ ማንበብ ነው። እኔም ማታ ማታ ከእነሱ ጋር መቀመጥ ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆነኝ። ባለሙያ አይደለሁም። በስህተት በኩል ግን ልምዴ ጥሩ ነው፤ ከታች ያሉትን አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

በ«ልክ ነው ወይስ ስህተት?» መጀመር

የመጀመሪያው መጽሐፌ የፈረንሳዊው ጸሐፊ የፎንትኔል «ስለ ዓለማት ብዛት የተደረጉ ጭውውቶች» ነበር። ፓሪስ ውስጥ በ1686 ታተመ። አንድ ሰው ከአንዲት ማርኪዝ (የመኳንንት ወገን ሴት) ጋር ማታ ማታ በአትክልት ስፍራ እየተንሸራሸረ ስለ ከዋክብት ያወጋታል። ታሪኩ ይኸው ነው።

እኔ እርሳስ ይዤ እንደ አስተማሪ ማረም ጀመርኩ። ጨረቃ ላይ ነዋሪ ሊኖር ይችላል ይላል፤ ኤክስ። ፕላኔቶችን የሚያዞራቸው አዙሪት ነው ይላል፤ ኤክስ። ሃያ ገጽ ሳልሄድ ሰለቸኝ።

ቆይቶ ነው የገባኝ። አዙሪቱ የፈረንሳዊው ፈላስፋ የዴካርት ሐሳብ ነው። ጠፈር ባዶ አይደለም፣ ረቂቅ በሆነ ነገር ተሞልቷል፤ ያ ነገር እንደ ወንዝ አዙሪት ሲዞር ፕላኔቶቹን ይዟቸው ይዞራል። በ1686 ይህ ጥሩ መልስ ነበር። ኒውተን ስለ ስበት የጻፈውን ትልቅ መጽሐፍ ያሳተመው በቀጣዩ ዓመት፣ በ1687 ነው። ፎንትኔል ገና ያልታተመ መጽሐፍ ባለማንበቡ ሊወቀስ አይችልም። እርግጥ በኋላም አልተመለሰም። በ1752፣ በ95 ዓመቱ፣ አሁንም አዙሪትን የሚደግፍ መጽሐፍ አሳተመ። የሞተው 100 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ገደማ ሲቀረው ነው። ግትርነቱንም ከነዕድሜው ወድጄለታለሁ።

በኤክስ ብዛት ልዘልለው የነበረው ደግሞ የመጽሐፉ ምርጥ ቦታ ነበር። ተፈጥሮ እንደ ኦፔራ ናት ይላል። ከመቀመጫችሁ ሆናችሁ የኦፔራው ገጸ ባሕርይ ፋኤቶን ሲበር ታያላችሁ፤ ገመዱና መንኮራኩሩ ተሸሽጓል። ሰው ሁሉ ትርኢቱን ሲያይ፣ ከተመልካቹ መሐል የተደበቀ አንድ የማሽን ሠራተኛ ብቻ «እንዴት አድርገው አነሱት?» እያለ ይጨነቃል። የጥንት ፈላስፎች ግን ፋኤቶን የሚነሳው ከቁጥሮች ስለተሠራ ነው፣ ወይም የቴአትሩን ጣሪያ ስለሚወድ ነው ይሉ ነበር። በመጨረሻ እነ ዴካርት መጡና የሚነሳው ገመድ ስለሚጎትተው፣ በሌላው በኩል ከእሱ የከበደ ነገር ስለሚወርድ ነው አሉ። ሳይንስ ምን እንደሚፈልግ በዚህ ያህል ቀላል ቋንቋ ሲነገር ሌላ ቦታ አላየሁም። አዙሪቱ ውድቅ ሆኖ የማሽን ሠራተኛው አሁንም ቁጭ ብሏል።

«ለሴቶች» የሚለውን «ለማያውቁ» ብሎ መተርጎም

የጣሊያኑ አልጋሮቲ በ1737 «ኒውተናዊነት ለሴቶች» የሚል መጽሐፍ አወጣ። እንዲህ ዓይነት ርዕስ ሲታይ ቀለል ያለ ነገር ነው ብሎ ማለፍ ይመጣል። ለነገሩ ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ንቀት አልነበረባቸውም ብዬ አልከራከርም። ፎንትኔል በመቅድሙ ከሴቶች የሚጠብቀው አንድ የታወቀ የፍቅር ልቦለድ ለማንበብ የሚያስፈልገውን ያህል ትኩረት ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ይህ ማሞገስ ይሁን ማሾፍ ለይቼ አላውቅም።

ሴቶቹ ግን ዝም ብለው አልተቀበሉትም። የፎንትኔልን መጽሐፍ በ1688 ወደ እንግሊዝኛ የመለሰችው ደራሲዋ አፍራ ቤን ናት። በራሷ መቅድም ላይ ማርኪዟን አንዴ የቂል ነገር አንዴ የሊቅ ነገር ያናግራታል ብላ ወረፈችው። የአልጋሮቲንም በ1739 የተረጎመችው ሴት ናት፣ ኤልሳቤጥ ካርተር። ኤሚሊ ዱ ሻትሌ ደግሞ የኒውተንን ዋና መጽሐፍ ራሱን ወደ ፈረንሳይኛ መለሰችው። ሙሉው የታተመው በ1759፣ እሷ ከሞተች ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ የተርጓሚዋን መቅድም አትዝለሉ። አንዳንዴ ከመጽሐፉ ይበልጣል።

ቀኑንና ሰዓቱን እንዳለ መውሰድ

እዚህ ላይ እኛ ኢትዮጵያውያን ዕድለኞች ነን። ቀን መለወጥ፣ «በእኛ ነው በእነሱ?» ብሎ መጠየቅ፣ ለምደነዋል።

ካቶሊክ አገሮች ከ1582 ጀምሮ ወደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሲያልፉ እንግሊዝ አልተቀበለችም ነበር። እስከ 1752 ድረስ በአሮጌው ዩልዮሳዊ ቆየች። በዚያ ዓመት በእነሱ መስከረም (ሴፕቴምበር) 2 ተብሎ ተተኛና ጧት መስከረም 14 ተባለ። ከዚያ በፊት ደግሞ የእንግሊዝ ሕጋዊ አዲስ ዓመት የሚገባው መጋቢት 25 ነበር። ስለዚህ የለንደን መጽሐፍ ላይ «የካቲት 1700» የሚል ካያችሁ በፓሪስ 1701 ሊሆን ይችላል።

በዚህ መዘዝ የምትዞር አንዲት የታወቀች ተረት አለች። ጋሊልዮ በሞተበት ዓመት ኒውተን ተወለደ ይባላል። ጋሊልዮ ጣሊያን ውስጥ የሞተው በአዲሱ አቆጣጠር ጥር 8 ቀን 1642 ነው። ኒውተን የተወለደው በእንግሊዝ አሮጌ አቆጣጠር ታኅሣሥ 25 ቀን 1642 ነው። በአንድ ካላንደር ከቆጠርናቸው ግን ኒውተን ጥር 4 ቀን 1643 ላይ ይወድቃል። በእኛ ደግሞ ጋሊልዮ ያረፈው ጥር 3 ቀን 1634 ዓ.ም. ነው። ኒውተን የተወለደው ታኅሣሥ 29 ቀን 1635 ዓ.ም.። አዎ፣ በገና ዕለት። የእኛ አቆጣጠር ከዩልዮሳዊው ጋር ስለሚሄድ የእንግሊዝ የድሮ ገናና የእኛ ገና በዚያ ዓመት አንድ ቀን ነበሩ። ይህን ወረቀት ላይ ስደርስበት ብቻዬን ሳቅሁ።

ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። ጋሊልዮ በ1610 ባወጣው ትንሽ መጽሐፍ የጁፒተርን ጨረቃዎች መጀመሪያ ያየው ጥር 7፣ ከሌሊቱ በአንደኛው ሰዓት እንደሆነ ይጽፋል። አንድ ፈረንጅ ከእኩለ ሌሊት በኋላ አንድ ሰዓት ነው ብሎ ሊያነበው ይችላል። እኛ ግን ወዲያው ይገባናል። ጣሊያኖች ያኔ ሰዓት የሚቆጥሩት ፀሐይ ከጠለቀች ጀምሮ ነበር። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ማለት ነው፣ ልክ እንደኛ። ልዩነቱ እነሱ እስከ 24 ይቀጥላሉ፤ ደግሞም በጥር ፀሐይ ጋሊልዮ በነበረባት በጣሊያኗ ፓዱዋ ቀደም ብላ ስለምትጠልቅ የእነሱ አንድ ሰዓት ከእኛው ይቀድማል።

መጽሐፉ የተጻፈበትን ቦታ መርሳት

ይቺ ስህተት አንድ ካርቶንና አንድ ቅዳሜ በልታብኛለች።

የፀሐይ ሰዓት ለመሥራት ተነሳሁ። መጽሐፉ ለንደን የታተመ ነው። ሥዕሉን ለካሁ፣ ቆረጥሁ፣ ጥላ የሚጥለውን ክንፍ አቆምኩ፣ ጣሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ጧት ከስልኬ ጋር አልተስማማም። ከሰዓት በኋላም አልተስማማም። እኩለ ቀን አካባቢ ብቻ ወደ እውነቱ ይጠጋል። ጎረቤቴ መጥታ አየችውና «ባትሪው አልቆ ይሆን?» አለችኝ።

ነገሩ ቀላል ነው። የክንፉ ዘንበል ማለት ከቦታው ኬክሮስ (ከምድር ወገብ ያለው ርቀት በዲግሪ) ጋር እኩል መሆን አለበት። ለንደን 51 ዲግሪ ተኩል ገደማ ነች፣ ፓሪስ 49 ገደማ፣ አዲስ አበባ 9። የሰዓቶቹ መስመሮችም በዚያው ቁጥር ይለወጣሉ። የእኔ ክንፍ እንደ ለንደን ሰማይ ሲጠቁም ኖሯል። የዋልታ ኮከብም እንዲሁ ነው፤ መጽሐፉ ሰማዩ አጋማሽ ላይ ፈልጉት ይላል፣ እኛ ዘንድ ከአድማስ ጥቂት ከፍ ብሎ ከሕንፃ ኋላ ይሸሸጋል።

ከዚህ የባሰም አለ። የአውሮፓ መጻሕፍት ቀጥ ብሎ የተተከለ ዘንግ እኩለ ቀን ላይ ጥላውን ወደ ሰሜን ይጥላል ይላሉ። ለእነሱ ዓመቱን ሙሉ እውነት ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን በእኛ አቆጣጠር ከሚያዝያ መጀመሪያ ጀምሮ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ፀሐይ በቀትር በሰሜን በኩል ስለምታልፍ ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል። በመጽሐፉ መሠረት አቅጣጫ ብትለዩ ዓለም ትገለበጥባችኋለች። ሠንጠረዥ ወይም ማዕዘን ባያችሁ ቁጥር ለየትኛው ከተማ እንደተሰላ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ መጽሐፉ ራሱ ይናገራል።

ሽፋኑን ማመን

«የሒሳብ መዝናኛ» የሚባለው የ1624 መጽሐፍ የመጀመሪያው እትም ፈረንሳይ ውስጥ ፖንታሙሶን ከተማ ወጣ። በውስጡ የቁጥር ጨዋታ፣ የመስታወት ዘዴ፣ ርችት ሁሉ አለ። የመታሰቢያው ጽሑፍ ላይ ያለው ስም ቫን ኤተን ነው። ለረጅም ጊዜ ግን የጻፈው ሎሬሾን የተባለ የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ነው ሲባል ቆይቷል፤ ሊቃውንት እስካሁን ይከራከሩበታል። «እገሌ እንዳለው» ብላችሁ ከመጥቀሳችሁ በፊት ቆም በሉ።

እትሙንም እዩ። የኦዛናም የመዝናኛ ሳይንስ መጽሐፍ በ1694 ወጣ። በ1778 ሞንቱክላ ሰፊ ለውጥ አድርጎበት አሳተመው። ኦዛናም ግን የሞተው በ1700ዎቹ መጀመሪያ ነው። የኋለኛውን እትም ይዞ «ኦዛናም በ1694 እንዲህ አለ» ማለት ለሟች ቃል ማስገባት ነው። የፎንትኔልም የመጀመሪያ እትም አምስት ምሽት ብቻ ነው ያለው፤ ስድስተኛው በ1687 ተጨመረ።

ፊደሉ ላይም ተጠንቀቁ። የድሮው እንግሊዝኛ ረጅም «ኤስ» ስለነበረው «ኤፍ» ይመስላል። «ሰን» የሚለውን «ፈን» ብዬ አንብቤ ስለ ፀሐይ የሚያወራ ገጽ ስለ ደስታ መስሎኝ ነበር። ቃላቱም ተለዋውጠዋል። ጋሊልዮ የጁፒተርን ጨረቃዎች ከዋክብት ይላቸዋል፤ «ሳተላይት» የሚለውን ስም የሰጣቸው ኬፕለር ነው፣ በ1611።

ስክሪን ላይ ብቻ ማንበብ

የጴጥሮስ አፒያን የ1524 መጽሐፍ በውስጡ የሚሽከረከሩ የወረቀት ክቦች አሉት። አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ በክር ተይዟል። በ1540 ለንጉሠ ነገሥት ካርል አምስተኛ ያዘጋጀው ደግሞ ቁጥር ሳይሰላ ክቡን በማዞር ብቻ የፕላኔቶችን ቦታ ያሳያል። ፒዲኤፍ ላይ ይህ ሁሉ ደርቆ የቀረ ሥዕል ነው። ገጹን አትሙት፣ ክቦቹን ቁረጡ፣ መሐሉን በክር አስሩ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የሚታጠፉ ትልልቅ ሥዕሎችም ስካን ሲደረጉ ብዙ ጊዜ እንደታጠፉ ይቀራሉ። ያን ጊዜ የዚያኑ መጽሐፍ ሌላ ቅጂ ፈልጉ።

የተጻፈውን ሁሉ መሞከር

ይሄኛው ቀልድ የለበትም። ባሩድና ሜርኩሪ ያለበትን ገጽ አንብቡና እለፉ።

ፀሐይን በጥላሸት በጠቆረ መስታወት እዩ የሚል ምክርም ታገኛላችሁ። አታድርጉት። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ፀሐይ ላሊበላ ላይ እንደ ቀለበት ስትታይ እንኳ «የራጅ ፊልም ይበቃል» ሲሉ የሰማኋቸው ሰዎች ነበሩ። አይበቃም። ጥላሸቱ ብርሃኑን ቢያደበዝዝም የማይታየው ጨረር ያልፋል፤ ዓይን ደግሞ ሲጎዳ አያምም። ደኅናው መንገድ በዚያው ዘመን ነበረ። የጋሊልዮ ተማሪ ቤኔዴቶ ካስቴሊ የፀሐይን ምስል በቴሌስኮፕ አሳልፎ ነጭ ወረቀት ላይ መጣልን ያሳየ ሰው ነው። የምታዩት ወረቀቱን ነው፣ ፀሐይን አይደለም። ቴሌስኮፕ ከሌላችሁ ካርቶን ላይ በመርፌ በተበሳ ቀዳዳ ብርሃኑን አሳልፎ ወረቀት ላይ መጣልም ይሠራል፤ በቀዳዳው ግን ፀሐይን አትዩ።

አማተርን መናቅ

ጄምስ ፈርግሰን በ1710 ስኮትላንድ ውስጥ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። ልጅ ሆኖ በግ ጠባቂ ነበር። ማታ ብርድ ልብስ ይዞ ሜዳ ላይ በጀርባው ይተኛል። ትናንሽ ዶቃ የተሰካበት ክር በክንዱ ርቀት ይወጥራል፤ እያንዳንዱ ዶቃ አንድ ኮከብ እስኪሸፍን ያንሸራትተዋል። ከዚያ ክሩን ወረቀት ላይ ዘርግቶ በሻማ ብርሃን ከዋክብቱን ያስቀምጣል። ይህ ልጅ አድጎ በ1756 ኒውተንን ለተራ ሰው የሚያስረዳ የሥነ ፈለክ መጽሐፍ ጻፈ።

መጽሐፉ በእንግሊዟ ባዝ ከተማ አንድ ሙዚቀኛ እጅ ገባ። ዊልያም ኸርሼል ይባላል። ቀን ሙዚቃ ሲያስተምር ይውላል፣ ማታ የፈርግሰንን መጽሐፍ ይዞ አልጋው ላይ ይወጣል። ይህን የምትተርክልን እህቱ ካሮላይን ናት፤ እሷም በኋላ ስምንት ጅራታም ኮከቦች አገኘች። ኸርሼል የራሱን ቴሌስኮፕ ሠራ፤ መጋቢት 13 ቀን 1781 ያልተለመደ ነገር አየና ጅራታም ኮከብ መሰለው። ዩራነስ ነበረች።

የፈርግሰንን ክር እኔም ሞክሬዋለሁ። የስፌት ክርና ከአሮጌ የአንገት ሐብል የተፈቱ ዶቃዎች በቂ ናቸው። በታኅሣሥ ማታ፣ መብራት ሲጠፋ፣ የኦሪዮን መቀነት የሚባሉትን ሦስት ከዋክብት ወሰድኩ። ክንዳችሁ ቶሎ ይደክማል፤ እኔ ክርኔን ትራስ ላይ አስደግፌ ነው የጨረስኩት። ወረቀቱ ላይ ሳሰፍራቸው ሦስቱ ከዋክብት ቀጥ ባለ መስመር ላይ አልወደቁም፤ አንደኛዋ ትንሽ ዘንበል ብላለች። እጄ ተንቀጥቅጦ መስሎኝ ሦስቴ ደገምኩት። ዘንበል ያለችው በእውነትም ሰማይ ላይ ናት።