ባሌ ላይ ትራውት ለማስገር ለሚሄዱ ጥንዶች፦ ወንዙ አንድ ቦታ፣ ምቹው አልጋ ሌላ ቦታ

የባሌ ትራውት አገር በቀል ዓሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 ከኬንያ መጥቶ ዌብና ዳንካ ወንዞች ውስጥ ተለቀቀ፤ የደጋው ውሃ ብርድ ተስማማውና በዚያው ቀረ። ቡናማውም ባለቀስተ ደመናውም ዝርያ መጥቷል። ጉዞውን ከማቀድ በፊት ካርታ ዘርግቶ ማየት ግድ ነው፤ ብዙ ጥንዶች የሚሳሳቱት እዚያ ላይ ነውና።

ዓሣው ያለው በብሔራዊ ፓርኩ ሰሜን፣ ዲንሾ ዙሪያ ነው። በምቾቱ ስሙ የሚነሳው ባሌ ማውንቴን ሎጅ ደግሞ በስተደቡብ፣ ሐረና ጫካ ውስጥ ካቻ ላይ ነው። በመካከላቸው ሮቤ፣ ጎባና ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው የሳነቴ አምባ አሉ። ካቻ እያደሩ ዲንሾ ማስገር ማለት ቀኑን መኪና ውስጥ መጨረስ ነው። ስለዚህ ሌሊቶቹን ክፈሏቸው፦ መጀመሪያ ዓሣው፣ በኋላ ሎጁ። ድካምና እርጥብ ጫማ ይዞ ወደ ጥሩ አልጋ መሄድ፣ ከጥሩ አልጋ ተነሥቶ ወደ ብርድ ከመውረድ ይሻላል።

ወሩን ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ውስጥ ምረጡ። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ዝናቡ ይበዛል፤ ወንዙ ደፍርሶ ቡናማ ሲሆን ዓሣው ማጥመጃውን አያይም፣ ወደ ዌብ ሸለቆ የሚያስገባው መንገድም ይጨቀያል። ደረቁ ወቅት የራሱ ዋጋ አለው፤ ታኅሣሥና ጥር ላይ ዲንሾ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ሌላም አለ፦ የገና ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ በዓሉ ዋዜማ ስለሚዘልቅ፣ ከሁለት አንዳችሁ የምትጾሙ ከሆነ አልጋ ስትይዙ የጾም ምግብ እንደምትፈልጉ ተናገሩ። ከገበያ ርቆ ጫካ ውስጥ ያለ ወጥ ቤት ማታ ቢነገረው ምስር ከየትም አያመጣም።

መንገዱ ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ፣ ዶዶላና አዳባ አድርጎ እስከ ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ከተነሣችሁ ከሰዓት በኋላ ትደርሳላችሁ። በጨለማ አትንዱ፤ ከብትና ፈረስ አስፋልቱ ላይ ይተኛል። የመንገዱን ጸጥታ ደግሞ በዋዜማው እዚያው ካለ ሰው አጣሩ፤ ከሳምንት በፊት የተሰማ ወሬ አይበቃም። ሰባት ስምንት ሰዓት መኪና ውስጥ መቀመጥ የሚከብዳቸው ወደ ሮቤ በአውሮፕላን ይሄዳሉ። መንጠቆና ጉጠት እጅ ሻንጣ ውስጥ እንዳይገኙ፤ ከማስገሪያው ዘንግ ጋር በሚጫነው ሻንጣ ይግቡ።

አሁን ወደ ማደሪያው። ዲንሾ ላይ በፓርኩ ቅጥር ግቢ ያለው ማረፊያ ቦታው ውብ ነው፤ የደጋ አጋዘንና ከርከሮ በር ላይ ይግጣሉ። ነገር ግን ቀላል ማረፊያ ነው፣ ብርዱም አይቻልም። ለመዝናናት የመጡ ጥንዶች ሮቤ ወይም ጎባ ሆቴል ቢይዙ እንመርጣለን። ሮቤ ከዲንሾ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከፍታውም 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነ 3,100 ሜትር ላይ ካለው ዲንሾ የተሻለ እንቅልፍ ይወሰዳል። ይህ በተለይ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለመጡት ነው፤ እነሱ አዲስ አበባ ሁለት ሌሊት ሳያድሩ ወደ ባሌ ባይወጡ ጥሩ ነው። ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ሲጀምር ውሃ መጠጣት፣ አልኮሉን መተው፤ ካልቀነሰ ወደ ታች መውረድ።

ሆቴሉን ወይም ሎጁን ስትደውሉ «ክፍል አለ?» ብላችሁ አትዝጉ። አልጋው አንድ ሰፊ ነው ወይስ ሁለት ጠባብ የተገጣጠሙ? ሙቅ ውሃ በስንት ሰዓት ይመጣል? ክፍሉ ውስጥ እሳት ወይም ማሞቂያ አለ? እርጥብ ጫማ የሚደርቅበት ቦታስ? ቁርስ 1 ሰዓት ላይ ይደርሳል? ቀብድ ስትልኩ ዝናብ ወይም መንገድ ቢያግድ ገንዘቡ እንደሚመለስ ወይም ወደ ሌላ ቀን እንደሚዛወር በጽሑፍ ተቀበሉ።

አስጎብኚው ላይ ጊዜ ውሰዱ። ዲንሾ ላይ ጥሩ አስጎብኚ አይታጣም፤ ቀይ ቀበሮን ከሩቅ ለይቶ የሚያሳይ፣ ተራራውን እንደ ጓዳው የሚያውቅ። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ የእግር ጉዞ አስጎብኚዎች ናቸው፤ ዘንግ ይዘው የማያውቁ አሉ። ስለዚህ ጠይቁ፦ በዚህ ወር የትኛው ወንዝ፣ የትኛው ክፍል ላይ አሠገርክ? በምን ማጥመጃ? ውሃው ምን ያህል ጠርቷል? መልሱ «የትም ቦታ ዓሣ አለ» ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ። የፓርኩን መግቢያና የማስገሪያ ፈቃድ ዲንሾ ካለው ጽሕፈት ቤት በወረቀት አውጡ፤ ዓሣ ይዞ መሄድ መቻሉን፣ ስንት እንደሚፈቀድ እዚያው ጠይቁ። የአስጎብኚው ክፍያ በቀን ይሁን በሰው፣ ፈረስና ባለፈረስን ይጨምር አይጨምር ከመነሣታችሁ በፊት ይለይ።

ዕቃውን አዲስ አበባ እገዛለሁ ብላችሁ አትተማመኑ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ዝርዝሩን ቀድማችሁ ላኩለት፦ 9 ጫማ ርዝመት ያለው ቁጥር 4 ወይም 5 የዝንብ ዘንግ (ነፍሳት መስሎ የተሠራ ቀላል ማጥመጃ፣ ማለትም ሰው ሠራሽ «ዝንብ»፣ የሚወረወርበት)፣ ተንሳፋፊ መስመር፣ ጫፉ 5ኤክስ የሆነ (0.15 ሚሊ ሜትር ገደማ) 9 ጫማ መሪ ክር (በመስመሩና በዝንቡ መካከል የሚታሰረው ስስ ክር)፣ አንድ ትርፍ ጥቅል የጫፍ ክር፣ የውሃውን ነጸብራቅ የሚቀንስ ፖላራይዝድ መነጽር፣ ጉጠት። ሰው ሠራሽ ዝንብ ሃያ አራት ይበቃል፤ ግማሹ ቁጥር 14 እና 16 ፌዛንት ቴይልና ሄርስ ኢር፣ ስድስት ኤልክ ሄር ካዲስ፣ የቀረው ጥቁርና ወይራማ ዉሊ በገር ቁጥር 8 ወይም 10 (ስሞቹ የዝንብ ዓይነቶች፣ ቁጥሩም የመንጠቆው መጠን ነው)። ዝንብ መወርወር ለማያውቅ ደግሞ ሁለት ሜትር ገደማ የሆነ ቀላል ዘንግ፣ 0.18 ሚሊ ሜትር ክርና ከ2 እስከ 4 ግራም የሚመዝን የሚሽከረከር ማጥመጃ ይዛችሁ ሂዱ። ሦስት ጥርስ ያለውን መንጠቆ አውጥታችሁ በነጠላ ተኩ፤ የመንጠቆውን እሾህ በጉጠት ጨፍልቁ። ሌላ ወንዝ ላይ ያገለገለ ጫማና የውሃ ሱሪ (ውሃ ውስጥ ለመቆም የሚለበስ ውሃ የማያስገባ ሱሪ) ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ እዚህ ውሃ ውስጥ አይግባ።

ቋጠሮው ከዕቃው ሁሉ ይበልጣል፤ ዓሣ የሚያመልጠው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ክሩን በመንጠቆው ዓይን አሳልፉ፣ ጫፉን በዋናው ክር ላይ አምስት ጊዜ ጠምዝዙ፣ ወደ ዓይኑ መልሳችሁ በመጀመሪያዋ ቀለበት አስገቡ፣ ከዚያም በተፈጠረችው ትልቋ ቀለበት በኩል አውጡት። ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡ። ደረቅ ክር ሲጠብቅ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይዳከማል፤ ጥሩ ዓሣ ሲመጣ ያን ጊዜ «ጭክ» ይላል።

የመጀመሪያውን ቀን ለዳንካ ስጡት። ትንሽ ወንዝ ስለሆነ ለሁለት ሰው አንድ ዘንግ ይበቃል፤ አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው ከኋላ ቆሞ ያያል፣ ዓሣ ሲያዝ ወይም አሥር ደቂቃ ሲያልፍ ይቀያየራሉ። ሁለት ዘንግ ይዞ ጎን ለጎን መሄድ ዓሣውን ያባርራል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል በፊት አትቸኩሉ፤ ሌሊቱን ውርጭ የመታው ውሃ ፀሐይ ካልነካው ትራውቱ ከታች ተለጥፎ ይቆያል። ትራውት ፊቱን ወደ ላይ፣ ጅረቱ ወደሚመጣበት አዙሮ ስለሚቆም እናንተ ከታች ወደ ላይ ውጡ። ጥላችሁ ውሃው ላይ አይውደቅ። ፈጣኑ ውሃ ከዝግተኛው ጋር የሚገናኝበት ጥግ፣ ዳር የተሸረሸረበት ሥር፣ የትልቅ ድንጋይ ኋላ፤ ዝንቡን ከእነዚህ አንድ ሜትር ወደ ጅረቱ መምጫ አሳልፋችሁ ጣሉና ክሩን ሳትጎትቱ ከውሃው ጋር ይውረድ። ክሩ ቢቆም ወይም ወደ ጎን ቢል ዘንጉን ቀስ ብላችሁ አንሡ።

የምትለቁትን ዓሣ እጃችሁን ሳታርሱ አትንኩ፤ ደረቅ እጅ ላዩ ላይ ያለውን ልጋግ ይልጣል፣ ከዚያም በበሽታ ይያዛል። ፎቶ የሚያነሣው ካሜራውን አዘጋጅቶ «እሺ» ካለ በኋላ ብቻ ከውሃ ይውጣ፣ አሥር ሰከንድ ይብቃው። ስትመልሱት ጭንቅላቱን ወደ ጅረቱ አዙራችሁ ያዙት፤ በራሱ ኃይል ይሂድ። ፈቃዱ ዓሣ ይዞ መሄድን የሚፈቅድ ከሆነ ደግሞ ሆዱን ሰንጥቁ፣ አከርካሪው ሥር ያለውን ጥቁር ደም በአውራ ጣት ጥፍር ጥረጉ። ቅርፊቱ ስስ ስለሆነ መፋቅ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ቀን የዌብ ነው፤ ሙሉ ቀን፣ ባለአራት ጎማ ነጂ መኪና፣ ምሳ ተይዞ። ዌብ ሰፋ ያለ ስለሆነ ሁለቱም ዘንግ ይውጣ፤ ሃምሳ ሜትር ተራርቃችሁ ቁሙ። ስትሻገሩ ክንድ ለክንድ ተያይዛችሁ፣ ጠንከር ያለው ጅረቱ በሚመጣበት በኩል ሆኖ፣ አንድ እግር ሳይረግጥ ሌላው አይነሣ። የውሃ ሱሪው ቀበቶ ይጠበቅ፤ ብትወድቁ ውሃ እንዳይሞላው። ማስገር የማይወደው ወገን በዚህ ቀን ወንዝ ዳር ሲንቀጠቀጥ አይዋል፤ ፈረስ ተከራይቶ ሸለቆውን ይዙር፣ ወይም ከሌላ አስጎብኚ ጋር የጋይሳይን ሜዳ ይይ። አራት ሰዓት ቁጭ ብሎ የጠበቀ ሰው ማታ እራት ላይ ምን እንደሚል ይታወቃል።

በሦስተኛው ቀን ሳነቴን አቋርጡ። ከጎባ በጠዋት ከተነሣችሁ ቀይ ቀበሮ የማየት ዕድሉ ይሰፋል፤ በመንገዱ አጠገብ የሚታየው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ጎባ ላይ ነዳጅ ሙሉ፤ እየቆማችሁ ስለምታዩ ግማሽ ቀን ስጡት። አምባው ሲያልቅ መንገዱ ወደ ሐረና ይወርዳል፣ ብርዱ ይለቃል፣ ጫካው ጨለም ይላል። ካቻ ከፍታዋ ከአዲስ አበባ ብዙም ስለማይርቅ ጭንቅላት የሚከብደው እዚያ ያርፋል። ቢያንስ ሁለት ሌሊት አድርጉት፤ አንዱ ቀን ለዱር ቡናው ይሁን። የውሃ ሱሪውንና ጫማውን ገልብጣችሁ ስቀሉ፤ እሳት ዳር አታስጠጉ፣ ስፌቱ የተለጠፈበት ሙጫ ይለቃል።