ሾትገን የፊት እንጨቱ ሲሰነጠቅ፦ ሙጫ ከማንሳታችሁ በፊት ፍሬኑን እዩ

ባለፈው ህዳር እዚህ ሚኒሶታ ፌዘንት አደን ወጥተን (ፌዘንት ያው ቆቅ መሳይ ሆኖ ጭራው ረጅም የሆነ ወፍ ነው) ሦስተኛዋን ስተኩስ ግራ እጄ ስር ቋ አለ፣ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር እንደሚለው። ወፉም ሄደ፣ እኔም ጠመንጃዬን ገልብጬ ሳይ የፊቱ እንጨት፣ ማለትም ግራ እጅ የሚይዘው፣ ከኋላ ጫፉ ጀምሮ አራት ጣት ያህል ተሰንጥቋል። ሰውየው ሲሸጥልኝ "እንደ በቅሎ ትራገጣለች፣ ቻላት" ብሎኝ ነበር፣ እኔ ደግሞ ባህሪዋ ነው ብዬ ቻልኳት። ባህሪዋ አልነበረም ለካ።

ጠመንጃዋ ብራውኒንግ አውቶ 5 ናት፣ 12 ጌጅ (ጌጅ የሾትገን አፈሙዝ ስፋት መለኪያ ነው)። ጀርባዋ ቀጥ ብሎ ሄዶ ድንገት ወደ ታች ስለሚሰበር ፈረንጆቹ ጎባጣዋ ይሏታል። ጆን ብራውኒንግ በ1900 በፈረንጆቹ ፓተንት ያወጣባት ስትሆን ለብዙ ዓመት የተሠራችው ቤልጅግ አገር ኤፍኤን ፋብሪካ ነው፣ አያቶቻችን "ቤልጅግ" የሚሏቸው ማውዘሮች የወጡበት ማለት ነው፣ ስለዚህ ዘመድ ናት በሉት። ይሄን የማወራው ዝም ብዬ አይደለም፣ የአሠራሯ ነገር ከስንጥቁ ጋር ስለሚገናኝ ነው። ስትተኮስ አፈሙዟ ራሱ (ጫፉ ብቻ ሳይሆን በርሜሉ እንዳለ) ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ሙሉ በሙሉ፣ ከዛ ተመልሶ ይመጣል። ይሄ ሁሉ ብረት የሚመላለሰው እዛች ቀጭን ዋልነት እንጨት ውስጥ ነው። የሚያቆመው ደግሞ የጥይት ቱቦው ላይ የተጠመጠመ ሞላ እና ቱቦውን ጨብጦ የሚይዝ የነሐስ ፍሬን ነው። ፍሬኑ ካልያዘ ብረቱ በሙሉ ኃይሉ ኋላ ይጋጫል፣ ትከሻችሁም ያመዋል እንጨቱም ይሰነጠቃል። እና ምክንያቱን ሳታስተካክሉ በሙጫ ብታጣብቁት በሚቀጥለው ሳምንት ከጎኑ ሌላ ስንጥቅ ታገኛላችሁ።

መፍታቱ ላይ እንሂድ። መጀመሪያ ጥይት ማውጣት፣ ቱቦውንም ጎሬውንም በዓይንም በጣትም ማረጋገጥ፣ ጥይቶቹን ደግሞ ሌላ ክፍል ማስቀመጥ። ሰደፉን መሬት አስደግፋችሁ አፈሙዙን በአንድ እጅ ወደ ታች ትንሽ ተጫኑና በሌላው እጅ የጥይት ቱቦው ጫፍ ላይ ያለውን ክዳን ፍቱ፣ ሞላው እየገፋ ስለሆነ እጃችሁን ቶሎ አትልቀቁ፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ልቀቁት። ፊታችሁን ከላይ አታድርጉ!

አሁን ቀለበቶቹን እዩ። ለከባድ ጥይት ከሆነ አቀማመጡ እንዲህ ነው፦ ሞላው፣ ከዛ የብረት ቀለበቱ ጎድጎድ ያለው ፊቱ ወደ አፈሙዝ ጫፍ ዞሮ፣ ከዛ ነሐሱ፣ ከዛ የአፈሙዙ የራሱ ቀለበት። ነሐሱ ከሁለት ወገን ሲጨመቅ ቱቦውን ጭምድድ አርጎ ይይዛል። ለቀላል ጥይት ግን የብረት ቀለበቱ ወደ ኋላ ሄዶ ከሞላው ስር፣ ከዋናው አካል ጋር ይቀመጣል፣ ያኔ ፍሬኑ ይላላል። የኔዋ ላይ ቀለበቱ ኋላ ነበር፣ እኔ ደግሞ ለፌዘንት ከባዱን ጥይት ነው ስጎርስባት የቆየሁት። ያ ነው ነገሩ በቃ። ብዙዎቹ አሮጌ አውቶ 5ዎች እንጨቱ ውስጥ ይሄን የሚያሳይ ወረቀት ተለጥፎባቸዋል፣ የኔው በዘይት ጠቁሮ ቡና ላይ የወደቀ ደረሰኝ ይመስላል ግን በባትሪ ሲታይ ይነበባል፣ ስለዚህ ከማጽዳታችሁ በፊት ፎቶ አንሱት።

ሌላው ዘይት ነው። እኛ ሰዎች ጠመንጃ ስንወድ ዘይት እናጠጣለን፣ ቱቦው ግን በዘይት ከራሰ ፍሬኑ ይንሸራተታል። ጥቂት ጠብታ ቀብቶ በጨርቅ መወልወል በቂ ነው። ሞላው ከደከመም አዲስ ይገዛል፣ ውድ ነገር አይደለም። የጫፉ ክዳን ላልቶ እንጨቱ ሲንቀጫቀጭ መተኮስም ያው እንጨት መስበር ነው።

ወደ እንጨቱ። ዘይት የጠጣ እንጨት ሙጫ አይቀበልም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ውጭ ወጥታችሁ፣ እሳትም ሲጋራም በሌለበት፣ ጓንት አርጋችሁ በአሴቶንና በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ስንጥቁን እጠቡት። ከዛ የጠመኔ ዱቄት በአሴቶን ለውሳችሁ ለጥፉበት፣ ሲደርቅ ዘይቱን ይስባል፣ ነጩ ዱቄት ቡናማ ይሆናል። አራግፉና ድገሙት። እኔ አራት ጊዜ ነው የደገምኩት፣ በአራተኛው ነው ነጭ ሆኖ የቀረው። አንድ ሌሊት ይደር።

የስንጥቁ መጨረሻ ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ በጣም ቀጭን ቀዳዳ (አንድ ሚሊሜትር ተኩል ያህል) ብትበሱ ስንጥቁ እንዳይቀጥል ይረዳል፣ ግን ወደ ውጭ እንዳትወጡ። ሙጫው ኢፖክሲ (ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚጠነክረው) ይሁን፣ የአምስት ደቂቃውን ተዉትና ቀስ ብሎ የሚደርቀውን፣ 24 ሰዓት የሚፈልገውን ውሰዱ። ሱፐር ግሉ ለፀጉር መሳይ ስንጥቅ ይገባል፣ ግን ሲደርቅ ተሰባሪ ስለሆነ ለሚራገጥ ጠመንጃ እኔ አላምነውም። ኢፖክሲውን በፀጉር ማድረቂያ ትንሽ ብታሞቁት ይቀጥናል፣ ስንጥቁን በቀጭን ቢላ በጣም ቀስ ብላችሁ ገርበብ አርጋችሁ በጥርስ ክር እየጎተታችሁ እስከ ታች አስገቡት። ከሌላው ወገን ብቅ ሲል ካላያችሁ አልሞላም።

ማሰሪያው ላይ የአያቴን ምንሽር አስታወሰኝ። እንጨቱ ተሰንጥቆ እርጥብ ጠፍር ተጠምጥሞበት ነበር፣ ጠፍር ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ ከሞርሳ አይተናነስም፣ እኔ ሳውቀው እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ነበር። እኛ ደግሞ ጠፍር ስለሌለን የብስክሌት ጎማ የውስጡን ላስቲክ በረጅሙ ቆርጣችሁ እየወጠራችሁ ጠምጥሙ። ግን ከመጠምጠማችሁ በፊት ውስጡ በቱቦው ውፍረት የተጠረበ ዱላ ይግባ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ወይ የጫማ ቀለም ተቀብቶ እንዳይጣበቅ፣ አለበለዚያ እንጨቱ ተጨምቆ ይጠብና አፈሙዙ እየፈተገው መልሶ ይሰነጥቀዋል። ወደ ውጭ የፈሰሰውን ሳይደርቅ በአቼቶ ጥረጉት፣ በደንብ ይለቃል።

ከደረቀ በኋላ ከውስጥ ቦታ ካለ ቀጭን የፋይበርግላስ ጨርቅ በኢፖክሲ መለጠፍ ይቻላል፣ ግን ቦታ ካለ ነው ያልኩት፣ ሞላውና የአፈሙዙ ቀለበት የሚመላለሱበት መንገድ ላይ እንዳይሆን። ገጣጥማችሁ አፈሙዙን በእጅ ወደ ኋላ ስትገፉት እንጨቱን መንካት የለበትም፣ ከነካ በብርጭቆ ወረቀት ማሳሳት ነው። ውጩን በ320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አለስልሳችሁ የተልባ ዘይት በስሱ ቀቡት። የቀባችሁበትን ጨርቅ ግን ጨምድዳችሁ ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉ፣ የተልባ ዘይት ጨርቅ በራሱ ሞቆ እሳት ያነሳል፣ ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

ጥጉ ተሰብሮ ቁራሹ የጠፋ ከሆነ ወይም ሦስት አራት ቦታ ከተሰነጠቀ ግን አትልፉ፣ ሌላ እንጨት ፈልጉ። ሲገዛም 12 ለ12፣ 16 ለ16 ነው፣ የቤልጅጉና የጃፓኑ ሥራ (በኋላ ጃፓንም ተሠርታለች) ደግሞ ሁሌ እኩል አይገጥምም፣ ትንሽ መሞረድ ይፈልጋል።

መሞከሪያው፦ ስንጥቁ ያለቀበት ላይ በእርሳስ ቀጭን መስመር አድርጉ፣ በቀላል ጥይት አንድ ተኩሳችሁ እዩ፣ ደግሞ ሁለት፣ ከዛ ወደ ከባዱ ሂዱ፣ ቀለበቱን ወደ ፊት መመለስ ሳትረሱ። የኔዋ እስካሁን ሁለት ፓኬት ከባድ ጥይት ተተኩሶባታል፣ የእርሳሱን መስመር አላለፈችም፣ ትከሻዬም ላይ ያ በለዝ የለም።