ካምቢዮው እምቢ ሲል በቡሎን አትጎትቱት

እንጀራዬ ሒሳብ ማስተማር ነው፤ መካኒክ አይደለሁም። አሮጌ ባለ ናፍጣ ፎር ዊል ሃይሉክስ አለችኝ፤ ካምቢዮዋን፣ ማለትም ከሞተሩ ጀርባ ያለውን የማርሽ ሳጥን፣ እስካሁን ሦስት ጊዜ በግቢዬ ውስጥ አውርጄ ሰቅያለሁ። በመጀመሪያው ጊዜ መልሼ ስሰቅል አንድ ጣት የምታህል ክፍተት አልዘጋ አለችኝ። ደክሞኝ ነበር፣ መሽቷል። ቡሎኖቹን ተራ በተራ እያጠበቅሁ ልስበው አልኩ። ቀረበልኝ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ “ቀጭ” አለ። ከካምቢዮው አፍ አንዱ ቡሎን የሚገባበት የአልሙኒየም ጆሮ ተሰንጥቆ ነበር። እዚህ የምጽፈው አብዛኛው ነገር ከዚያች “ቀጭ” የተማርኩት ነው።

ሥራው ካምቢዮውን አውርዶ ፍሪሲዮኑን መቀየርና መልሶ መስቀል ነው፤ ከዋዜማው ልጀምር። የጭስ ማውጫውን ቡሎኖችና ዳዶዎች ማታውኑ ዝገት የሚያለሰልስ ዘይት አጠጧቸው። በነጋታው ከዝገት ጋር ከመታገል ያድናል። መኪናዋን ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ አቁሙ። መሬቱ ለስላሳ ከሆነ ከመደገፊያዎቹ እግር ሥር ወፍራም ጣውላ ይግባ፤ የክሪኩ ጎማም ያለ ጣውላ አፈር ላይ አይንከባለልም።

ሁሉም ጎማዎች ላይ ታኮ አድርጉ። ማርሽ ውስጥ አስገብቻታለሁ ብላችሁ አትተማመኑ፤ ወደ ጎማ የሚሄዱት የትራንስሚሲዮን ዘንጎች ከተፈቱ በኋላ ማርሽ ምንም አይዝም። መኪናዋን በአራቱም በኩል አንሡና ቴላዮው (መኪናዋን የተሸከመው ዋናው ብረት) ላይ በጠንካራ የብረት መደገፊያ አስቀምጧት። በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥር አይገባም። ከዚያ ጎኗን ይዛችሁ በደንብ ነቅንቋት። የምትወድቅ ከሆነ እናንተ ውጭ ሆናችሁ ትውደቅ። ከፍታውን ስትወስኑ ደግሞ ካምቢዮው ክሪክ ላይ እንደተቀመጠ ከሥር ወጥቶ መሄድ እንዳለበት አስቡ። እኔ በሁለተኛው ጊዜ ይህን ረስቼ በሰላም ያወረድኩት ካምቢዮ ከመኪናዋ ሥር መውጫ አጥቶ አደረ።

የባትሪውን ኔጌቲቭ መጀመሪያ ፍቱ። ወደ ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) የሚሄደው ወፍራም ሽቦ የመኪናዋ ቁልፍ ቢዘጋም ኤሌክትሪክ አለበት፤ የመፍቻ ቁልፋችሁ ከቴላዮ ጋር ካገናኘው ብልጭታው ያስደነግጣል።

ዘይት ስታወጡ የታችኛውን መድፊያ ከመንካታችሁ በፊት የላይኛውን መሙያ ክፈቱ። ታችኛው ተከፍቶ ዘይቱ ካለቀ በኋላ መሙያው እምቢ ቢል ባዶ ካምቢዮ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ካምቢዮውና ትራንስፈሩ (ከኋላው ያለው፣ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው ሳጥን) በእኔ መኪና ለየብቻ ዘይት አላቸው፤ ሁለቱንም አውጡ። ዘይቱን በንጹሕ ነገር ተቀብላችሁ እዩት። ደቃቅ ብናኝ በመድፊያው ማግኔት ላይ ቢኖር የተለመደ ነው፤ የጥርስ ስባሪ ካገኛችሁ ግን ሥራው ከፍሪሲዮን መቀየር አልፏል።

ጋቢና ውስጥ ማርሹን ፎሌ አድርጉና የላስቲክ ሽፋኑን አንሡ። በእኔ ሃይሉክስ ዋናው የማርሽ እጀታ የሚወጣው ከሥሩ ያለችውን ቆብ በጨርቅ ይዞ ወደ ታች በመጫንና ወደ ግራ በማዞር ነው። የፎር ዊሉ እጀታ በሲገር (በማያዣ ቀለበት) ነው የተያዘው። እጀታዎቹ ሲወጡ ክፍቱን ቀዳዳ ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ድፈኑት። አንዲት ሮንዴላ እዚያ ውስጥ ከገባች ቀኑ አለቀ።

ከሥር ስትገቡ የፊቱንና የኋላውን ትራንስሚሲዮን ፍቱ። ከመፍታታችሁ በፊት ግን ዘንጉና መያዣው የሚገናኙበት ቦታ ላይ በቀለም ወይም በፑንቶ ምልክት አድርጉ፤ በዚያው ቦታው ካልተመለሰ መኪናው በፍጥነት ሲሄድ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። አንድ ጫፉን ፈትታችሁ ዘንጉ በክሮቼራው (በሌላው ጫፍ ባለው የመስቀል መጋጠሚያ) ተንጠልጥሎ እንዲቀር አታድርጉ፤ በሽቦ እሰሩት ወይም ጨርሳችሁ አውጡት።

ቀጥሎ የጭስ ማውጫው የፊት ቱቦ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ገመድ፣ የኋላ ማርሽ መብራትና የፎር ዊል መብራት ሶኬቶች ይፈታሉ። ካምቢዮው ላይ የተሰካች ቀጭን የመተንፈሻ ቱቦም አለች፤ እሷን እመለስባታለሁ። የታችኛው የፍሪሲዮን ፓምፕ ከነቱቦው ይፈታና ወደ ጎን በሽቦ ይታሰራል። ቱቦው ካልተከፈተ አየር ማስወጣት የሚባል ሥራ አይኖርባችሁም። ፔዳሉን ግን ማንም እንዳይረግጥ፤ ፒስተኑ ተስፈንጥሮ ይወጣል፣ ዘይቱም ይፈሳል። እኔ ፔዳሉ ላይ “አትርገጡ” የሚል ወረቀት ለጥፌያለሁ፤ ልጄ ሳቀችብኝ።

ልጄን ካነሣሁ ዘንድ፣ የሥራው ምርጥ ዕቃ የእሷ ፈጠራ ነው። ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበትን ክብ ካርቶን ላይ ሣለችና እያንዳንዱን ቡሎን በወጣበት ቦታ ካርቶኑን ወግታ ሰካችው። ቡሎኖቹ ቁመታቸው ይለያያል። ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ብታስገቡት ሳያጠብቅ ጫፉ ይነካል፤ አጭሩን በረጅሙ ቦታ ብታስገቡት ሁለት ወይም ሦስት ጥርስ ብቻ ይይዝና ጥርሱን ይልጠዋል።

ሞተሪኖውን ፍቱ። ከዚያ ከሞተሩ የዘይት ቋት ሥር ሰፊ ጣውላ አስገብታችሁ ሞተሩን በሁለተኛ ክሪክ ደግፉ፤ ጣውላው ሰፊ ካልሆነ ቋቱ ይጎደጉዳል። ካምቢዮውን በዋናው ክሪክ ተሸከሙትና በሰንሰለት ወይም በጠፍር ከክሪኩ ጋር እሰሩት። ከነትራንስፈሩ የአንድ ሙሉ ሰው ክብደት አለው፤ ትራንስፈሩ ወደ አንድ ጎን ስለሚያደላ ደግሞ ሚዛኑ መሃል ላይ አይደለም። ያልታሰረ ካምቢዮ ይገለበጣል። አሁን ከሥር የተሸከመው ተሻጋሪ ብረት ሊፈታ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ፦ በአንዳንድ ፒካፖች የፊት እግር የሚጠመዘዙት የስፕሪንግ ዘንጎች ጫፋቸው የሚታሰረው እዚሁ ብረት ላይ ነው። እንደዚያ ከሆነ የዘንጎቹ ውጥረት መጀመሪያ በማስተካከያው ቡሎን ይላላ፤ ሳይላላ የተፈታ ብረት ሰው ይገድላል።

ተሻጋሪው ብረት ሲወጣ ሁለቱንም ክሪኮች ቀስ እያደረጋችሁ አብራችሁ አውርዱ፤ የሞተሩ ኋላ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። በዚህ ጊዜ አንድ ሰው ከፊት ቆሞ ቬንቲላተሩ ከራዲያተሩ ሽፋን ጋር እንዳይጋጭ፣ ማኒኮቶው (የራዲያተሩ የጎማ ቱቦ) እና የናፍጣ ቱቦዎች እንዳይወጠሩ ይመልከት። ዝቅ ማድረጉ ያስፈለገው ለላይኞቹ ቡሎኖች ነው። ከላይ በእጅ አይደረስባቸውም፤ አንድ ሜትር የሚጠጋ ማራዘሚያ ከተጣጣፊ 17 ቡሶላ ጋር ቀጥላችሁ ከኋላ፣ በካምቢዮው ጀርባ ላይ አሳልፋችሁ ነው የምትደርሱባቸው። መጀመሪያ እነሱን ፍቱ። የጎኖቹን ሁለት ቡሎኖች ለመጨረሻ አስቀሩ።

የጎኖቹን ከማውጣታችሁ በፊት ከላይ ባዶ የሆኑት ሁለት ቀዳዳዎች ላይ ካምቢዮውን የሚመሩ ቡሎኖች እንጨምር። ተመሳሳይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ረጃጅም ቡሎኖች ጭንቅላታቸው በመጋዝ ይቆረጣል፤ ጫፋቸው ላይ ለካቻቪቴ የሚሆን ቀጭን መስመር ይሰነጠቃል። እነዚህ መሪዎች ሞተሩ ላይ ይገባሉ፣ ካምቢዮውም በእነሱ ላይ ቀጥ ብሎ ይንሸራተታል። የካምቢዮው የፊት ዘንግ በፍሪሲዮን ሸራው መሃል አልፎ ቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ውስጥ ያለች ትንሽ ኩሽኔታ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ያ ሁሉ ክብደት ዘንጉ ላይ ከተንጠለጠለ ሸራው መሃሉ ይጣመማል። መሪዎቹ ክብደቱን ይይዙላችኋል።

አሁን የጎኖቹን ቡሎኖች አውጡና ካምቢዮውን ወደ ኋላ ሳቡት። ካልመጣ፣ የቀረ ቡሎን እንዳለ በካርቶኑ ቁጠሩ። ሁሉም ከወጣ ችግሩ ማዕዘን ነው፤ የሞተሩና የካምቢዮው መስመር አንድ አይደለም። ክሪኩን በጣት ስፋት ከፍ ወይም ዝቅ አድርጋችሁ ግራና ቀኝ ነቅንቁት፤ ባላሰባችሁት ቦታ ላይ ይላቀቃል። ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ክሪኩን አታውርዱ። ሲወርድም ከሥሩ የማንም እጅና እግር አይኑር፤ ልጄ በዚያን ጊዜ ሥራዋ ከሩቅ ማየት ብቻ ነበር።

ካምቢዮው ወጥቶ ሳለ የማታዩት ነገር ካለ በኋላ ትጸጸታላችሁ። የሸራውን ዱቄት በአየር አትንፉ፤ አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። በሸራው ላይ የሪቬቶቹ ጭንቅላት ከሸራው ፊት ቢያንስ 0.3 ሚሊ ሜትር መጥለቅ አለበት፤ ከዚያ ካነሰ ሸራው አልቋል። እኔ ግን ለመለካትም አልደክምም፤ እዚህ ድረስ ከደረስኩ ሸራውን፣ ስፒንጂ ዲስኮውን (ሸራውን ቮላኖው ላይ የሚጫነውን)፣ ስፒንጂ ኩሽኔታውን (ፔዳል ሲረገጥ ስፒንጂ ዲስኮውን የሚገፋውን) እና የቮላኖዋን ትንሽ ኩሽኔታ አንድ ላይ እቀይራለሁ። ከቮላኖው ጀርባ ያለው የሞተሩ ፓራኦሊዮ (የዘይት ማገጃ ጎማ) ካረጠበም የሚቀየረው አሁን ነው። አዲስ ሸራ ዘይት ሲነካው መንሸራተት ይጀምራል።

የሸራውን ፊትና ጀርባ አትሳቱ፤ ብዙዎቹ ላይ የቮላኖ ወገን ተጽፎበታል፣ የመሃሉ የወጣ ክፍል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወደ ካምቢዮው ይዞራል። ስፒንጂ ዲስኮውን ከማጥበቃችሁ በፊት ሸራውን ትክክለኛ መሃል ላይ አስቀምጡት። መሃል ማድረጊያ ፕላስቲክ አብሮ የሚሸጥ አለ፤ ከሌለ ከትንሿ ኩሽኔታ ቀዳዳ ጋር የሚገጥም ዱላ ላይ ሸራው እስኪሞላ ድረስ ፕላስተር መጠቅለል ይሠራል። ቡሎኖቹን በተቃራኒ አቅጣጫ በጥቂት በጥቂቱ አጥብቁ፤ በእኔ መኪና የመጨረሻው 19 ኒውተን ሜትር ነው፣ የእናንተን ከመኪናችሁ መጽሐፍ እዩ። የዘንጉ ጥርሶች ላይ ግራሶ እንደ ቅባት ስስ ሆኖ ይቀባ። የበዛው ተፈናጥሮ ሸራው ላይ ያርፋል።

መልሶ መስቀል ላይ ነው የካምቢዮዬ ጆሮ የተሰነጠቀው። ካምቢዮውን ማርሽ ውስጥ አስገቡና መሪዎቹ ላይ አስቀምጡት። ወደ ፊት እየገፋችሁ ሌላው ሰው የኋላውን የትራንስሚሲዮን መያዣ ቀስ ብሎ ያዙር፤ የዘንጉ ጥርሶች ሸራው ውስጥ የሚገቡት በዚህ ነው። ክፍተት ከቀረ የ10 ፑንታ (የመሰርሰሪያ ብረት) ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ክፍተቱ ውስጥ አስገቡ። ከላይ ገብቶ ከታች እምቢ ካለ ካምቢዮው አዘንብሏል፤ ክሪኩ ይናገር እንጂ ቡሎን አይናገር። በአራቱም በኩል እኩል ከሆነና ካልገባ ወይ ጥርሱ አልገጠመም፣ ወይ ሸራው መሃል ላይ አይደለም። በሦስተኛው ጊዜ እኔና ልጄ ሃያ ደቂቃ በፑንታ ለካን፤ ክሪኩን አንድ ጊዜ ብቻ ከፍ አደረግሁት፣ “ጡብ” ብሎ በእጅ ገፍተነው ፊት ለፊት ገጠመ። ቡሎኖቹ በጣት እስከ መጨረሻቸው ገቡ።

የቀረው የተፈታውን ወደ ቦታው መመለስ ነው። ዘይቱን መኪናዋ ደልዳላ ላይ ሆና ከመሙያው ቀዳዳ ጠብ እስኪል ሙሉ። ዓይነቱን ከመጽሐፉ አንብቡ፤ አንዳንድ ጂ ኤል 5 ዘይቶች የካምቢዮ ውስጥ የናስ ቀለበቶችን ስለሚበሉ “ወፍራም ዘይት ሁሉ አንድ ነው” አይባልም። ሞተሩን ከማስነሣታችሁ በፊት ፔዳሉን ደጋግማችሁ ረግጡ፤ ወረቀቱን መጀመሪያ አንሡ።

ያቺን የመተንፈሻ ቱቦ ደግሞ አትርሱ። እኔ አንድ ጊዜ ሳልሰካት ወንዝ ተሻገርኩ። የሞቀ ካምቢዮ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ አየሩ ይኮማተርና በተከፈተችው ቀዳዳ ውኃ ይስባል። በሳምንቱ ዘይቱን ባወጣሁት ጊዜ ወተት የገባበት ቡና መስሎ ወረደ።